የመከታ ታርጋ

ቤይሩት፣ ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ ገበየሁ
አሶሳ

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ጎተራዎ የሞላ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም። ስልክ ብደውል የእርስዎ ጆሮ እንደማይሰማኝ፣ ድምፄን ከፍ ባደርግም ማዳም እንደምትቆጣኝ ስለማውቅ እንደለመድነው በወረቀት ላጫውትዎ።

ይህን የምታደርስልዎ ወለተሥላሴ ትባላለች። ታችኛው ፎቅ ትሠራ የነበረች የባምባሲ ልጅ ናት፤ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ መግባቷ ነው። በእሷ እጅ ለመከታ የአንገት ቀበቶ ልኬያለሁ። አራት ዓመት በሰው አገር ኖራ የላከችው ለውሻ ቀበቶ ነው ብለው ይስቁብኝ ይሆናል። ግን ምክንያት አለኝ።

እዚህ ቤት ሉሉ የምትባል ውሻ አለች። ጠዋትና ማታ የማንሸራሽራት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ ስሟና የማዳም ስልክ ቁጥር የተቀረጸበት ቀበቶ አለ፤ ስትበላም፣ ስትተኛም አይወልቅም። ባለፈው ወር ገበያ መሀል አመለጠችኝ። ያለ እሷ ወደ ቤት የምመለስበት ፊት አልነበረኝም። ምሳ ሳይደርስ አንድ የማናውቀው ሰው ደውሎ ኑ ውሰዷት አለ። ያን ቀን ሐሳቤ ሁሉ መከታ ጋ ሄደ።

ቡችላ ሆኖ ያመጣሁልዎ እኔ ነኝ። ሰው በር ላይ ሲቆም የሱሪዎን ጫፍ እየጎተተ እንዲነግርዎ ያስለመድኩትም እኔ ነኝ። እሱ ቢጠፋ በር ላይ ማን እንደመጣ የሚነግርዎ የለም። እኔ እዚህ ተረጋግቼ የምሠራው እሱ እዚያ አለ ብዬ ነው። ስለዚህ ቀበቶውን ቀንም ሌሊትም አያውልቁበት። ስሙንና የጎረቤታችንን የነዕማን ስልክ አስቀርጬበታለሁ፤ ለእርስዎ ቢደወል አይሰሙም ብዬ ነው። ቀራጩ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ በዐረብኛ ጻፈው። አሶሳ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው አይጠፋም፣ እንዲያውም ይሻላል አልኩ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። እስከዚያው መከታ ቀበቶውን አድርጎ የተነሣውን ፎቶ ይላኩልኝ። ደብዳቤዎንም እንደወትሮው ነዕማ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ የእኔንም ሱቋ ውስጥ አትማ ታመጣልዎታለች።

ያሳደጓት ልጅዎ
ስርጉት


አሶሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለስርጉት

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማሽላው ደህና ነው፤ ጦጣዎቹም ማሽላውን እየበሉ ደህና ናቸው።

ወለተሥላሴ መጥታለች። በር ላይ ቆማ ስትጣራ መከታ ሱሪዬን ይዞ እስከ አጥሩ አደረሰኝ። ቀበቶውን መጀመሪያ ለእኔ መስሎኝ ወገቤ ላይ ሞከርኩት፤ አልደረሰም። ልጅቱ ሣቋን መያዝ አቅቷት ነበር። ቀይ ቆዳ ከቢጫ ብረት ጋር፣ ለሰርግ እንጂ ለውሻ የሚሆን አይመስልም። ከነጠላዬ ጋር ሳጥን ውስጥ ልቆልፈው ስል፣ አደራ ተብያለሁ ብላ ራሷ አሰረችለት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ ብዙም አልጣመኝ። እኛ ዘንድ የውሻ አንገት ላይ ነገር የሚደረገው ለማሰር ነው። በአንገቱ ገመድ ይዞ የሚሮጥ ውሻ ከታየ ሰው ነክሶ ያመለጠ ነው ተብሎ በድንጋይ ይቀበሉታል። መከታም ራሱ ያፈረ ይመስላል፤ እየቆመ አንገቱን ያካል፣ ማንጎው ግንድ ላይ ይፈተጋል። የሰፈሩ ሰው፣ ገበየሁ ለውሻው ታርጋ አወጣ እያለ መሣቂያ አድርጎኛል። ያልሣቀው ኻሚስ ብቻ ነው። የነዕማ አባት ኻሚስ ቀልድ ሲያልፈው አይተሽ አታውቂም፤ ያን ቀን ግን ቀበቶውን አየት አድርጎ ወደ ግቢው ተመለሰ። ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃ።

ሌላም አለ። ማታ ማታ መከታ ከርከሮ ሲያባርር ቀርከሃው ውስጥ ይገባል። ቀበቶው ጉቶ ላይ ቢያዝበትና ቢታነቅስ? እኔ እንደሆንኩ ጩኸቱን አልሰማ። ስለዚህ ቀን ይደረግለት፣ ማታ ይውለቅለት ባይ ነኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?

ፎቶውን ነዕማ ልታነሣው ስትል ፊቱን አዞረባት። ሌላ ቀን ይሁን ተባብለናል። ከአንቺ የምፈልገው ምንም የለም፤ ሬዲዮ እንዳትልኪ፤ እሱን የሚሰማልኝ ደግሞ ሌላ ውሻ መፈለግ አለብኝ።

አጎትሽ ገበየሁ


ቤይሩት፣ ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

የገና በዓል በሰላም አለፈልዎ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በዓሉን ያሳለፍኩት የማዳምን እናት እያስታመምኩ ነው፤ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሥራው በዝቷል። ስልኬንም ማዳም አሁን የምትሰጠኝ እሑድ እሑድ ብቻ ስለሆነ መልስ ቢዘገይ አይስጉ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ። ግን ማታ ይውለቅ ያሉትን ነገር በፍጹም አልስማማበትም። ውሻ የሚጠፋው ባላሰቡት ሰዓት ነው። ሉሉም ያመለጠችኝ እጄ ላይ እያለች ነው። እንዳያንቀው የሚፈሩ ከሆነ ላላ ያድርጉለት፤ ሁለት ጣት ከሥሩ ካስገባ ይበቃል፤ ጉቶ ቢይዘው እንኳ ጭንቅላቱን አሹልኮ ይወጣል። ልማዱ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። እኔም እዚህ ስመጣ የማልለብሰውን ልብስ ለብሼ፣ በማልጠራበት ስም ተጠርቼ ለመድኩ።

አጎቴ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ እሺ ይበሉኝ። አንገቱ ላይ ስሙ ካለ የሰው ነው፤ ከሌለ ግን የማንም ነው።

ለፋሲካ እንደምመጣ አይርሱ። ፎቶውን እየጠበቅሁ ነው።

ስርጉት


አሶሳ፣ ጥር 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት

እንደምን ከርመሻል? የሴትዮዋን ዳሌ እግዚአብሔር ይማርልሽ፤ አንቺን ነው ማዘኔ። ቃልሽን አክብሬ ቀበቶውን ላላ አድርጌ ሌት ተቀን ትቼለት ነበር። ለመደው። እንዲያውም ደረቱን ነፋ አድርጎ መሄድ ጀምሮ ነበር። አሁን ግን አውልቄዋለሁ፤ እንዳትቆጪ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ኻሚስ ከጥምቀት ወዲህ በአጥሩ ቀዳዳ መምጣቱን ተወ። ማንጎውን በነዕማ እጅ ይልክልኛል፤ እሱ ግን አይመጣም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ አጥር ይዘን ስንኖር እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሄጄ ምን በድዬህ ነው አልኩት። ምንም የለም አለ። ደግሜ ስጠይቀው አፉን ጆሮዬ ሥር አስጠግቶ፣ «ፊደሉ ነው» አለኝ። ልጅ ሆኖ ቁርኣን የተማረበት ፊደል የውሻ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ምራቅና ጭቃ ሲነካው ማየት ልቡን እንደሚወጋው ነገረኝ። ነዕማ በመሀል ገብታ፣ ይህ እኮ ስምና ስልክ ቁጥር ነው፣ ሳሙና ላይስ ዐረብኛ ተጽፎ የለም ወይ ብላ ተከራከረችው። እውነቷን ነው። እሱም እውነቷን እንደሆነ ያውቃል።

ግን ስርጉት፣ እኛ በሰፈራ ከወሎ መጥተን እዚህ ስንራገፍ፣ ወባ ጥሎኝ ወገኔ ሁሉ ተስፋ ቆርጦብኝ ሳለ፣ በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ኻሚስ ነው። ያን ጊዜ ስሜን እንኳ አያውቅም ነበር። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በምን አፌ ልከራከር? አውልቅ አላለኝም። ቤቴ ገብቼ እኔው አወለቅሁት። በማግስቱ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ ገንፎ አብረን በላን፤ መከታም እግራችን ሥር ተኝቶ ነበር።

ብረቱ ቆዳው ላይ የተመታ ስለሆነ ለብቻው አይነቀልም። እዚህ በአማርኛ የሚቀርጽልኝ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ለፋሲካ ስትመጪ በእኛ ፊደል የተጻፈበት አምጪልኝ፤ ቀራጩ ባያውቀውም አንቺ ወረቀት ላይ ጻፊለትና እያየ ይገልብጠው። እስከዚያ ከግቢ አይወጣም።

ገበየሁ


ቤይሩት፣ የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ስልኩን ልመልስ የቀረኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ኻሚስን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኔ ሐሳብ መንገደኛ ያነበዋል የሚለው ላይ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ፊደሉን እንዴት እንደሚያዩት አላሰብኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ማንጎ ያበሉኝን ሰው ማስቀየሜ አሳፍሮኛል።

ግን አጎቴ፣ እስከ ፋሲካ አይጠብቁ። ብረቱን በጥቁር ጨርቅ ይጠቅልሉትና ይስፉበት። ወይም ነዕማ የጥፍር ቀለም አታጣም፤ ፊደሉን ትቀባውና ቀበቶውን መልሳችሁ እሰሩለት። ባይነበብም ግድ የለም። ቀበቶ ያለው ውሻ ባለቤት እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ብቻ አንገቱ ባዶ አይሁን። እንዲህ ቀላል ነገር እያለ ልቤ ለምን እንደሚፈራ አላውቅም።

ከግቢ አይወጣም ብለው ጽፈዋል። የእኛ አጥር እኮ ቀርከሃ ነው፤ መከታ በየትኛው በኩል እንደሚሾልክ እኔም አውቃለሁ።

ደርሶኛል ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ስርጉት


አሶሳ፣ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለስርጉት

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። ኻሚስና ነዕማ ዘመድ ሞቶባቸው ቶንጎ ለቅሶ ሄደው ከርመው ነበር፤ ሱቁም ተዘግቶ ነበር። አትቀየሚኝ።

እንዳልሽው ቀበቶውን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

መከታ አያስቸግርም። ፎቶ ማንሣቱ ይቅርብን፤ ስትመጪ ትደርሺበታለሽ። ሙቀቱ በርትቷል። ማንጎው ዘንድሮ ብዙ አፍርቷል፤ የሚበላው ግን ጦጣ ነው። ከባሕር ማዶ ምንም አታምጪልኝ። ያን የጠየቅሁሽን የአማርኛ ጽሑፍም አታስቀርጪ፣ አትድከሚ።

ገበየሁ


[ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከደብዳቤው ፎቶ ሥር በስልክ ተጽፎ የተላከ ነው።]

ስርጉት እህቴ፣ ነዕማ ነኝ። ይህን ጋሽ ገበየሁ አያውቅም። እሱ ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ፤ ሦስት ወረቀት ቀዶ ነው ይህን የጻፈው። እኔ ግን አንቺ መጥተሽ በር ላይ መከታን ስትጠሪ ማየት አልችልም።

መከታ ሞቷል። እኛ ቶንጎ እያለን ሰፈር ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገባ ተባለ። መኪና በሞንታርቦ እየዞረ ውሻችሁን እሰሩ፣ አንገቱ ላይ ምልክት የሌለው ውሻ ይገደላል ብሎ ለቀናት ሲያስታውቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ጋሽ ገበየሁ አልሰማም። ሰውም እንዳልሰማ አላሰበም፤ ሁልጊዜ እኛ ነበርን የምንነግረው። ምልክት የሌለው ውሻ መንገድ ላይ ሲያገኙ መርዝ የተደረገበት ሥጋ እየጣሉለት ዞሩ። ጠዋት ሲነሣ ሱሪውን የሚጎትተው አጣ። ወጥቶ ሲፈልግ አጥሩ ሥር፣ የሚሾልክበት ቀዳዳ ላይ አገኘው፤ ግማሽ አካሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ወደ ቤት እየመጣ ነበር። በዚያው ቀን ስንመለስ ጋሽ ገበየሁ እዚያው ተቀምጦ ቀበቶውን አንገቱ ላይ አስሮለት ነበር።

አባባ ውሻ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ያን ቀን ጉድጓዱን ቆፈረ፣ ተሸክሞም ያስገባው እሱ ነው። «ገበየሁ፣ እኔ ፊደል ነው ያልኩት፤ ውሻ አላልኩም» እያለ ያለቅሳል። ጋሽ ገበየሁ ምን እንዳለ አልሰማውም። ጆሮው ሥር ሄዶ ደግሞ ለመናገር አባባ አቅም አጣ።

ቶንጎ ኔትወርክ ስላልነበረ ያንቺን ደብዳቤ፣ በጨርቅ ጠቅልሉት የሚለውን፣ ተመልሼ ሱቅ ስከፍት ነው ያገኘሁት። መከታን ከመቅበራችን በፊት ጋሽ ገበየሁ ቀበቶውን ፈትቶ አውጥቶት ነበር። አሁን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል። አልዋሸሽም።


ቤይሩት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

ነዕማን አይቆጧት። ነግራኛለች።

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። እየጀመርኩ እተወዋለሁ። ቀበቶውን የገዛሁት እኔ፣ ፊደሉን የመረጥኩት እኔ። ምንም ሳላስጽፍበት ባዶውን ቀበቶ ብልክ ኖሮ መከታ አንገቱ ላይ እንዳደረገው ይተርፍ ነበር እያልኩ አስባለሁ። ሉሉን ሳንሸራሽር አንገቷ ላይ ያለውን አላይም ብዬ ወደ ሌላ አያለሁ።

ፋሲካም አለፈ። ያልነገርኩዎ ይህን ነው። ማዳም እናቷ እስኪድኑ ሁለት ዓመት ጨምሪ፣ ካልሆነ ትኬትሽን ራስሽ ቁረጪ አለችኝ። የካቲት ላይ ፈርሜያለሁ። የመጨረሻውን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ በዚያው ሳምንት ነው። እርስዎ በጉጉት ይጠብቁኛል ብዬ መናገር አቃተኝ። እርስዎ የመከታን ደበቁኝ፣ እኔ የራሴን ደበቅሁዎ፤ ያስተማሩኝን እያደረግሁ ነው መሰል።

የጆሮ መሣሪያ አለ ይላሉ፣ ጠይቄ እልካለሁ። ቡችላም ነዕማ ትፈልግልዎ። እባክዎ ብቻዎን አይሁኑ። ምን እንደምል አላውቅም አጎቴ። ተስፋ ቆርጫለሁ።

ስርጉት


አሶሳ፣ ግንቦት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት

እንባሽን እግዚአብሔር ያብስልሽ። ነዕማን አልተቆጣሁም፤ ለእሷም እፎይታ ሆነላት፣ ለእኔም።

አንቺ ጥፋተኛ አይደለሽም። ኻሚስም አይደለም። ውሻ የገደሉትም ለሕፃናት ፈርተው ነው፤ የጎረቤት ልጅ ተነክሶ እንደነበር ኋላ ሰምቻለሁ። እኔም ራሴን ደጋግሜ መረመርኩ። የምቆጣው ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር። በቁጣ እንኳ ቀን ይመሻል። ጥፋተኛ የሌለው ነገር ግን ዝም ብሎ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያድራል።

ለፋሲካ ትመጫለሽ ብዬ ዶሮ አርጄ ነበር። መከታ ከሞተ ወዲህ እንደማደርገው በሩን ቀርቅሬ ተቀምጬ ዋልኩ። አንቺም ቀረሽ፣ እንኳን አደረሰህ የሚለኝም ጠፋ። ሰው እንዲህ ረሳኝ ብዬ አዝኜ ተኛሁ። በማግስቱ ነው የሰማሁት፤ የንስሐ አባቴ መጥተው፣ ጎረቤቶችም መጥተው ተጣርተው ተጣርተው፣ የለም ብለው ተመልሰዋል። እኔ እዚያው ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

ቡችላ ብለሻል። ኻሚስ ራሱ አንድ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ለዚያ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ ታውቂያለሽ። መለስኩለት። ሱሪ መጎተት የሚያስተምረው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ የለሽም። እኔም ሌላ ውሻ አሳድጌ ለመጨረስ ዕድሜዬን አላምነውም። የጆሮ መሣሪያውንም ተዪው፤ አሁን የምሰማው ምን አለ ብለሽ ነው።

ባለፈው ሰሞን ገበያ ስሻገር ባጃጅ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ገጭቶኝ ወደቅሁ። ጥሩምባ ነፍቷል አሉ። ሰዎች ከበው፣ ማን ነህ፣ የማን ነህ ይሉኛል፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚሉት አይገባኝም። እኔም ደንግጬ ስሜን ማውጣት አቃተኝ። ያን ጊዜ ያልሽኝ ትዝ አለኝ፤ ስሙ አንገቱ ላይ ከሌለ የማንም ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር።

ቤት ስመለስ ቀበቶውን ከሳጥን አወጣሁት። ቆዳውን በቢላ ቆርጬ ብረቱን ለይቼ ያዝኩት። ለካ መቁረጥ ይቻል ኖሯል፤ ያን ጊዜ ግን ካንቺ የመጣ ሆኖብኝ ቢላ ላሳርፍበት አልጨከንኩም። ብረቱን ይዤ ኻሚስ ዘንድ ሄድኩ። ፊደሉ በእኔ ኪስ ቢሆን ቅር ይልሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ብረቱን ከእጄ ተቀብሎ በቀሚሱ ጠረገውና ኪሴ ውስጥ ራሱ ከተተልኝ።

ስሙ የመከታ ነው፤ ቁጥሩ ግን ትክክል ነው። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ነዕማ ጋ ይደውላል። ሌት ተቀን አላወጣውም፤ ያልሽውን አሁን እየፈጸምኩ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመጪ በር አታንኳኪ፣ አትጣሪ። በሩን መቀርቀር ትቻለሁ። ዝም ብለሽ ግቢና ትከሻዬን ንኪኝ።

አጎትሽ ገበየሁ